መኪናን ከነሾፌሩ

የሰፈሬ ልጅ ነው። አሥረኛ ክፍል ይማራል፤ ከትምህርት ሲመለስ ደግሞ ከጦር ኃይሎች ትንሽ ወጣ ብሎ ካለ ጋራዥ ካቻቢቴ ሲያቀብል ያመሻል። መኪና የሚባል ፍቅር ለክፎታል። ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ፣ ድምፅ ብቻ ሰምቶ «ይቺ ዲኤክስ ናት፤ አንድ ካንዴላዋ አይሠራም» ይላል። ዞር ስትሉ እውነትም ዲኤክስ ናት። የካንዴላውን ነገር እኔ እንጃ፣ አላጣራሁም።

ባለፈው ቅዳሜ መንገድ ላይ አስቆመኝ።

«ጋሼ፣ ፊልምም መጽሐፍም አያልፍህም ይላሉ። እስቲ አሪፍ የመኪና ፊልም ጠቁመኝ።»

«ጋሼ» መባሌን በሆዴ ያዝኩና (ቂሙን ለሌላ ቀን አቆይቼ) አፌ ላይ የመጣውን ተናገርኩ፤ «ፋስት ኤንድ ፊውሪየስ።»

ሳቀብኝ። «እሱንማ ከነተከታዮቹ ጨርሼዋለሁ። ሌላ የለም?»

እናንተዬ፣ ያን ሁሉ ፊልም ያየሁ ሰውዬ መልስ አጣሁ። «አስቤ እነግርሃለሁ» ብዬው ሄድኩ። ይኸው ሳምንት ሙሉ ሳስብ ከረምኩ። ያሰብኩትን ለሱ ብቻ ከምነግረው ለእናንተም ላካፍላችሁ።

ቪዲዮ ቤት ያሳደገን

የኔ ዘመን ልጆች የመኪና ትምህርታችንን የተማርነው ቪዲዮ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው የመጀመሪያው ፋስት ኤንድ ፊውሪየስ ሰፈራችን ሲደርስ አግዳሚ ላይ ተጠቅጥቀን፣ በላብ ተነክረን አየነው። ስንወጣ ሁላችንም ሾፌር ነበርን። በአፋችን ማርሽ እየቀየርን፣ በአፋችን ፍሬን እየያዝን ወደየቤታችን ገባን።

አልዋሽም፣ ዛሬም ቢከፈትልኝ አየዋለሁ። ግን አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። በነዚያ ፊልሞች መኪና ይገለበጣል፣ ይቃጠላል፣ ከፎቅ ፎቅ ይዘላል። ማንም ግን ጎማ ሲገዛ አይታይም። ማንም ቦሎ አያሳድስም። ማንም ማታ ለባለንብረት ገቢ አያስገባም። መኪናው አለ፣ ሾፌሩም አለ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ኑሮ ግን የለም።

ይሄ የቆረቆረኝ በአጎቴ ምክንያት ነው። አጎቴ «ሜክሲኮ፣ ቤተል፣ አየር ጤና» ሲባልበት 19 ዓመት ሚኒባስ ነድቷል። መኪናዋ የሱ አልነበረችም። ማታ ማታ ለባለንብረቱ ገቢውን ቆጥሮ ያስረክባል፤ ቤንዚኑና የተራ አስከባሪው ተቀናንሶ፣ የረዳቱ ድርሻ ወጥቶ የተረፈው የሱ ነው። አንዳንድ ቀን ምንም አይተርፍም። ያም ሆኖ መኪናዋን ከሚስቱ በላይ ያውቃት ነበር (ይሄን የምትለው ራሷ ሚስቱ ናት)። ከሁለት ዓመት በፊት ባለንብረቱ ሸጣት። ገዢው የፈለጋት ለመለዋወጫ ነው፤ ተፈታትታ ልትቸበቸብ። አጎቴ ቁልፉን ከማስረከቡ በፊት የማርሹን እጀታ ፈትቶ ኪሱ ከተተ። ዛሬ እጀታዋ ቤቱ ውስጥ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጣለች። እንግዳ «ይሄ ምንድን ነው?» ሲል «ምንም» ይላል።

እንግዲህ የኔ መለኪያ ከዚህች እጀታ የመጣ ነው። ፊልሙ ወይም መጽሐፉ ሲያልቅ መኪናዋን ብቻ ሳይሆን መሪውን የጨበጠውን ሰው ካስታወስኩ፣ እሱ የመኪና ወዳጅ ሊያየው የሚገባ ሥራ ነው። ካላስታወስኩ ማስታወቂያ ነው። መለኪያዬ ያልተስማማው የራሱን ያምጣ፤ እስከዚያው በኔ እንሂድ።

ለዓይን

በ«ዱኤል» እንጀምር። ስቲቨን ስፒልበርግ ገና በሃያዎቹ ዕድሜው ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1971 ለቴሌቪዥን የሠራው ፊልም ነው። ታሪኩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፦ አንድ ሰው በቤት መኪናው አገር አቋራጭ መንገድ ላይ ሳለ አንድ አሮጌ ቦቴ ሊገድለው ያሳድደዋል። በቃ። የቦቴው ሾፌር ፊት ግን እስከ መጨረሻው አይታይም። ቦት ጫማውንና ክንዱን ታያላችሁ እንጂ ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደተናደደ አታውቁም። የጅቡቲን መንገድ የምታውቁ ሰዎች ይሄ ፊልም ትርጉም አያስፈልገውም። ሲኖትራኩን «ቀይ ሽብር»፣ አይሱዙውን «አልቃይዳ» ብለን የሰየምን ሕዝብ ነን። ስም ስናወጣ ግን እኛም እንደ ስፒልበርግ የሾፌሩን ፊት አላየንም። ስንት ሌሊት ሳይተኛ እንደነዳ፣ ጭነቱን በስንት ሰዓት አድርስ እንደተባለ አልጠየቅንም። ፊልሙን ስታዩ ይሄን ጥያቄ ይዛችሁ እዩት።

ቀጥሎ ከቴህራን የመጣው «ታክሲ» ነው። ኢራናዊው ጃፋር ፓናሂ እ.ኤ.አ. በ2010 ለ20 ዓመት ፊልም እንዳይሠራ ተፈረደበት። እሱ ምን አደረገ? ታክሲ ይዞ ወጣ። ካሜራውን ዳሽቦርዱ ላይ አስቀምጦ፣ መሪውን ራሱ ይዞ፣ ተሳፋሪ እየጫነ እያወረደ ፊልም ሠራ። ፊልሙ በ2015 በበርሊን ወርቃማውን ድብ አሸነፈ፤ እሱ ያኔ ከአገር መውጣት ስላልቻለ ሽልማቱን የእህቱ ልጅ ተቀበለችለት። ታክሲ ውስጥ አገር ሙሉ ወሬ እንደሚወራ እኛ ለማንም የምንነግር ሰዎች ነን። ከጦር ኃይሎች ፒያሳ እስክትደርሱ ፖለቲካው፣ ኳሱ፣ የሽንኩርት ዋጋው፣ የጎረቤት ፍቺው ይጠናቀቃል። ፓናሂ ያረገው ይሄንኑ መቅዳት ነው። ስንት ብር ይፈልጋል? አንድ መኪናና አንድ ካሜራ።

ሳቅ የፈለገ የጂም ጃርሙሽን «ናይት ኦን ኧርዝ» (1991) ይይ። አንድ ሌሊት፣ አምስት ከተማ፣ አምስት ታክሲ። የኒውዮርኩ ሾፌር ከምሥራቅ ጀርመን የመጣ ስደተኛ ነው፤ የያዛትን አውቶማቲክ መኪና መንዳት ስላቃተው ተሳፋሪው ራሱ «ቦታ ቀይረኝ» ብሎ ይነዳለታል። የፓሪሱ ደግሞ ከኮትዲቯር የመጣ አፍሪካዊ ነው። ዋሽንግተን ታክሲ የሚነዳ ዘመድ ያላችሁ (የሌለው አለ እንዴ?) ፊልሙን ስታዩ አንድ ዓይናችሁ ይስቃል፣ አንዱ ያዝናል።

ፍጥነት ካላየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም ላለ ደግሞ «ፎርድ ቨርሰስ ፌራሪ» (2019) አለለት። እ.ኤ.አ. በ1966 ፎርድ በለማን የ24 ሰዓት ውድድር ፌራሪን ያሸነፈበት ታሪክ ነው። የሞተሩ ድምፅ ብቻውን የትኬት ዋጋ ያወጣል። ኬን ማይልስ የሚባለው ሾፌር ውድድሩን እየመራ ሳለ አለቆቹ «ፍጥነት ቀንስና ሦስቱ መኪኖቻችን አብረው ይግቡ፣ ለፎቶ ያምራል» አሉት። ቀነሰ። ድሉ ለሌላው የፎርድ መኪና ተቆጠረ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ አዲስ መኪና ሲሞክር ሞተ። ፎቶው ግን ዛሬም ያምራል።

ከነዚህ ሁሉ ቀስ የሚለው «ድራይቭ ማይ ካር» (2021) ነው፤ ኦስካር ያገኘ የጃፓን ፊልም። ሦስት ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም፤ ስለዚህ መብራት የማይጠፋበት ቀን ምረጡ። ሚስቱ የሞተችበት የቲያትር ባለሙያ ቀይ ሳብ መኪናውን ለማንም አያስነካም። የሥራ ነገር ሆኖ አንዲት ዝምተኛ ወጣት ሾፌር ትመደብበታለች። መኪናው ውስጥ ለረጅም ጊዜ ምንም አይባባሉም። ከዚያ ቀስ በቀስ ሁለቱም ለማንም ያልነገሩትን ይናገራሉ። ጋቢና ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎች ፊት ለፊት ከተቀመጡት የበለጠ እውነት ይነጋገራሉ፤ ዓይን ለዓይን ስለማይተያዩ ይመስለኛል።

ከኛ አገር ደግሞ የሄርሞን ኃይላይን «ፕራይስ ኦፍ ላቭ» (2015) አለመጥቀስ ነውር ነው። አዲስ አበባ ላይ ታክሲ የሚነዳ ቴዲ የሚባል ወጣት፣ ሴትኛ አዳሪ የሆነች ልጅ ጉዳይ ውስጥ ይገባና ታክሲው ይሰረቃል። ከዚያ በኋላ ፊልሙ ስለ መኪና አይደለም፤ መኪናው ሲሄድ አብሮ ስለሚሄደው ሕይወት ነው። የድሮውን የጣሊያን ፊልም «የብስክሌት ሌቦች»ን (1948) ያያችሁ ዝምድናውን ወዲያው ትለያላችሁ። አጎቴን ይዤው አየሁ። ታክሲው ሲጠፋ ከወንበሩ ተነሳ። ምንም አላለም፣ ብቻ ተነሳ።

ለንባብ

መጻሕፍቱ ጥቂት ናቸው፣ አትሽሹ።

አንደኛው የራልፍ ኔደር «በየትኛውም ፍጥነት አደገኛ» ልንለው የምንችለው የ1965 መጽሐፍ ነው። በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ መኪና ሲገለበጥ ጥፋተኛው አስቀድሞ የታወቀ ነበር፦ ሾፌሩ። ኔደር የተባለ ወጣት የሕግ ባለሙያ ግን ሌላ ጥያቄ ጠየቀ፤ «መኪናውስ እንዴት ነው የተሠራው?» ፋብሪካዎቹ ለመልክ ሲጨነቁ ለሰው ሕይወት እንዳልተጨነቁ እያፍረጠረጠ ጻፈ። በዓመቱ፣ በ1966፣ የአሜሪካ ምክር ቤት የተሽከርካሪ ደህንነት ሕግ አወጣ። የመጽሐፍ ጉልበት ማለት ይሄ ነው።

እኛስ? የአደጋ ዜና ስትሰሙ «በአሽከርካሪው ጥፋት» የምትለዋ ሐረግ ስንት ጊዜ ጆሯችሁ ገብታለች? ጥፋት የለበትም እያልኩ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ አለበት። ግን ፍሬኑ ያለቀው መኪና፣ መብራት የሌለው መንገድ፣ እንቅልፍ የሚከለክለው የገቢ ጫና በዜናው ውስጥ ስም የላቸውም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓመት 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል፤ ከአሥሩ ሟቾች ዘጠኙ እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። መኪና እወዳለሁ የሚል ሰው ይሄን ቁጥር የማወቅ ግዴታ አለበት ባይ ነኝ።

ሁለተኛው የሮበርት ፒርሲግ «ዜንና የሞተር ሳይክል ጥገና ጥበብ» (1974) ነው። አባትና ልጅ በሞተር ሳይክል አሜሪካን ያቋርጣሉ፤ አባትየው በየመንገዱ ብሎን እያጠበቀ ፍልስፍና ያወራል። አንዳንዱ ገጽ ይከብዳል፣ ዝለሉት። ዋናው ሐሳብ ግን የሰፈሬን ልጅ ይመለከታል፦ ማሽንን በትዕግሥትና በእንክብካቤ መጠገን የእጅ ሥራ ብቻ አይደለም፣ የአእምሮም ሥራ ነው። «ትምህርት እምቢ ብሎት ጋራዥ ገባ» ለሚሉ ጎረቤቶች ስጦታ ይሆናል።

ሦስተኛውና አራተኛው የዲናው መንግሥቱ ናቸው። ዲናው አዲስ አበባ ተወልዶ በሕፃንነቱ አሜሪካ የገባ ደራሲ ነው። «ሃው ቱ ሪድ ዚ ኤር» (2010) ውስጥ ሁለት ኢትዮጵያውያን ባልና ሚስት በቀይ ሞንቴ ካርሎ ከፒዮሪያ ወደ ናሽቪል ይነዳሉ፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ልጃቸው ያንኑ መንገድ ተከትሎ የወላጆቹን ትዳር ለመረዳት ይሞክራል። «ሰምዋን ላይክ አስ» (2024) ውስጥ ደግሞ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ሲነዳ የኖረ፣ ትልቅ ሕልም የነበረው ሳሙኤል የሚባል ሰው ጋራዡ ውስጥ ሞቶ ይገኛል። ዶላር ሲልክልን የምናውቀው፣ ሌሊቱን እንዴት እንደሚነዳ የማናውቀው ዘመዳችን ማለት ነው።

የኛ መደርደሪያ

እስካሁን የቆጠርኩትን መለስ ብዬ ሳየው ደነገጥኩ። ዘጠኝ እጁ የውጭ ነው። የመኪና ታሪክ የለንም እንዳይባል ሞልቶናል።

መኪና አገራችን የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ እንግሊዛዊው ቤዴ ቤንትሌይ ሲድሊ የምትባል መኪና ለአፄ ምኒልክ በረሃ አቋርጦ አመጣ። ያን ጉዞ ክሊፎርድ ሃሌ የሚባል ሰው በ1913 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ መጽሐፍ አድርጎታል። መንገድ በሌለበት አገር መኪና! ይሄ ፊልም ካልሆነ ምን ፊልም ይሆናል?

ቋንቋውም ቢሆን ታሪክ ነው። ጋቢና፣ ፍሬቻ፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ባሌስትራ፣ ኮፈን፣ ስፖኪዮ። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተባረረ፣ ቃላቱ ግን ኮፈን ስር ተደብቀው ቀሩ። አድዋ ላይ ያሸነፈ ሕዝብ ዛሬም «ፍሬቻ አሳይ!» እያለ በጣሊያንኛ ይቆጣል።

ሁለት ቮልሶች ደግሞ አሉን። አንደኛዋ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴን ከቤተ መንግሥት ያወጣችው ናት። በሮልስ ሮይስ የኖሩ ንጉሥ በቮልስ ዋገን ተጭነው ሄዱ። ደርግ ብዙ መግለጫ አውጥቷል፤ ያቺን ቮልስ የሚያህል ግን አላወጣም። ሁለተኛዋ የበዓሉ ግርማ ናት። «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ታገደ፤ ደራሲው በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ቮልሱ ግን በቃሊቲ በኩል መንገድ ዳር ቆማ ተገኘች። ሰውየውን እስከ ዛሬ አላገኘነውም። መኪናዋን ከነሾፌሩ የማየትን ነገር ያነሳሁት በዋዛ አይደለም። ባዶ መኪና ምን ማለት እንደሆነ ይቺ አገር ታውቃለች።

«ሰይቼንቶ» ታክሲስ? ፊት ለፊት ተቀምጠን የተጨቃጨቅንባት «ውይይት»ስ? ሰማያዊ ላዳዎቹስ? ስንት ሙሽራ፣ ስንት ምጥ የያዛት እናት፣ ስንት አስከሬን ተጭኖባቸዋል። ታሪኩን የያዙት ሾፌሮቹ ናቸው። እነሱም እያረጁ ነው።

መኪኖቹም እየሄዱ ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን ተናገረ። ባቡሩም ከአያት ተነስቶ እኛው ጦር ኃይሎች ድረስ መምጣት ከጀመረ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ነው። እኔ ኤሌክትሪኩን አልቃወምም፤ ጭሱን ስንውጥ ያደግን ልጆች ነን። ግን የቤንዚኑ ዘመን ሲዘጋ ቢያንስ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሊጽፈው አይገባም?

እዚህ ላይ የምትሉኝን አውቃለሁ። «ሰውዬ፣ ሾፌሩ ቤንዚን ሰልፍ ላይ አድሮ አንተ ፊልም ትመርጣለህ?» ልክ ናችሁ፣ ፊልም በርሜል አይሞላም። ነገር ግን ታሪኩ ያልተነገረ ሰው ውሳኔ ሲወሰንበት ቁጥር ብቻ ነው። መስመር ሲቀየር፣ ታሪፍ ሲወጣ፣ ተራ ሲፈርስ፣ «ይህን ያህል ታክሲ» ይባላል እንጂ «19 ዓመት የነዳው ሰውዬ» አይባልም። አሜሪካኖቹ ሕግ ያወጡት አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ስለጻፈ ነው። የቴህራን ታክሲ በዓለም የታወቀው አንድ ሰው ካሜራ ስለደገነ ነው። እኛ ሁላችንም ኪሳችን ውስጥ ካሜራ አለን። የምንቀርጽበት ግን ምሳችንን ነው።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። ፊልሞቹን እዩ፣ መጻሕፍቱን ፈልጉ። ከዚያ በሚቀጥለው ጊዜ ጋቢና ስትገቡ የጆሮ ማዳመጫችሁን አውልቁና ሾፌሩን «ስንት ዓመት ነዳህ?» በሉት። ሌላውን እሱ ይጨርሰዋል።

የሰፈሬን ልጅ ነገር ልንገራችሁና ላብቃ። «ዱኤል»ን በፍላሽ ሰጠሁት። ሰኞ ዕለት ተናዶ መጣ።

«ጋሼ፣ ሾፌሩን ሳያሳዩኝ አለቀ እኮ! ማን ነበር?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አልኩት። «ሾፌር ማወቅ ከፈለግክ አጎቴ ጋ ሂድና ቴሌቪዥኑ አጠገብ ያለችው ነገር ምን እንደሆነች ጠይቀው። "ምንም" ይልሃል። አትመነው፣ ደግመህ ጠይቀው።»

ሄዷል ሲሉ ሰማሁ። ሁለት ሰዓት ተቀምጦ ነው አሉ የወጣው።

ቸር እንሰንብት።